ለሁለት ሳምንት የተዘጋ በር

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማርች 16 ቀን 2020፣ በእኛ ሰኞ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ትምህርት ቤት በሦስት ከተሞች ባንድ ቀን ተዘጋ። በአዲስ አበባ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመላ አገሪቱ ትምህርት ለ15 ቀናት እንዲቋረጥ ያስታወቁት በዚያ ዕለት ነው። ሜሪላንድም ትምህርት ቤቶቿን ከዚያው ሰኞ ጀምራ ለሁለት ሳምንት ዘጋች፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች እቤታቸው ዋሉ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ተመሳሳይ ትእዛዝ ስለሰጡ የአሌክሳንድሪያ ልጆችም እንዲሁ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን በሽተኛ ካገኘች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሦስቱ ከተሞች አልተመካከሩም። ነገር ግን እዚያ የእኅቴ ልጆች፣ እዚህ ደግሞ የማክማቸው ሰዎች ልጆች፣ በአንድ ሰኞ ቦርሳቸውን ሰቅለው ተቀመጡ፤ ለሁሉም የተነገራቸው ቀጠሮም አንድ ዓይነት ነበር።

ቀጠሮው የትም አልተከበረም። ቨርጂኒያ በሳምንቱ፣ ማርች 23 ቀን፣ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ እንደማይከፈት ነገረችን። ሜሪላንድ እያራዘመች ቆይታ በሜይ 6 ቀን ያንኑ አለች። ኢትዮጵያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከገጠርና ከአነስተኛ ከተሞች ጀምራ፣ አዲስ አበባን በመጨረሻ አድርጋ፣ በደረጃ ከፈተች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን አብዛኞቹን ተማሪዎች ወደ ክፍል የመለሰው በ2021 ማርችና አፕሪል ነው። በሀብቱ ስሙ የሚጠራው ካውንቲ፣ ለክፍሉ ጠመኔ ከሚያጥረው ከገጠሩ የወሎ ትምህርት ቤት አምስት ወር ያህል ዘግይቶ ከፈተ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ለመሳለቅ አይደለም። ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይገባናል ብዬ ስለማምን ነው።

የቤተሰብ ሐኪም ነኝ። ሕክምናን የተማርኩት በሶቪየት ኅብረት ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ሐኪም ፈተናውን ከሀ ጀምሬ ተፈትኜ፣ የሆስፒታል ልምምዱን እንደገና ሠርቼ ነው የገባሁበት። ወደ እኔ ከሚመጡት ሕመምተኞች ከግማሽ የማያንሱት የአገሬ ልጆች ናቸው። እናም በለቅሶ ቤትም፣ በቡና ላይም፣ በክርስትና ድግስም «ዶክተር፣ ለመሆኑ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ መዘጋት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?» እባላለሁ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። አንደኛው ወገን መዘጋቱን በሕፃናት ላይ የተሠራ ወንጀል አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው፣ መከፈት ነበረበት የሚለውን ሰው ሁሉ ለአረጋውያን ሕይወት ግድ የሌለው ያደርገዋል። ጥያቄው ግን አንድ አይደለም። መቼ ይዘጋ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ የትኛው ትምህርት ቤት፣ ማንስ ይክፈተው የሚሉ ቢያንስ አራት ጥያቄዎች በአንድ ላይ ታስረዋል።

በእኛ አገር ታሪክ ትልቁ ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ነው። «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዚያ ጊዜ መታሰቢያ ነው። በልጅነቴ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ለምን እንደምናደርገው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ታዲያ ትምህርት ቤት ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ጥያቄ ለአገሩ ሰው ትርጉም አልነበረውም፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና 10 ዓመቱ ነበር፤ አብዛኛው ልጅ የሚዘጋበት በር አልነበረውም።

በአሜሪካ ግን ጥያቄው በዚያው ዓመት በጽኑ ተነሥቷል። ዋሽንግተንን ጨምሮ አብዛኞቹ ከተሞች በ1918 መከር ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘጉ። ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ኒው ሄቨን ግን ክፍት ተዉት። የኒው ዮርክ የጤና ኮሚሽነር ሮያል ኮፕላንድና የሕፃናት ጤና ክፍል ኃላፊዋ ዶክተር ጆሴፊን ቤከር ያቀረቡት ምክንያት ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። የከተማዋ ልጆች በብዛት የሚኖሩት ተጨናንቀው በተሠሩ የድኻ ሕንፃዎች ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ይልቅ ንጹሕና አየር ያለው ነው፤ በየጧቱ መምህሩ ያያቸዋል፤ የታመመውን ነርስና ሐኪም ይለዩታል፤ ቢዘጋ ልጆቹ መንገድ ላይ ይውላሉ እንጂ አይለያዩም የሚል ነበር። በ2007 የታተመ፣ 43 የአሜሪካ ከተሞችን የመረመረ ጥናት ደግሞ ቀደም ብለው፣ ብዙ ጥንቃቄዎችን አጣምረውና ሳያቋርጡ የተጠቀሙ ከተሞች ያነሰ ሰው እንደሞተባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ከ1918 የሚጠቅሰው አያጣም። እኔ ከኒው ዮርክ ታሪክ የምወስደው ግን መዝጋት ወይም አለመዝጋት የሚለውን ውጤት አይደለም፤ ባለሥልጣኖቹ ልጁ ትምህርት ቤት ካልሄደ የት ነው የሚውለው ብለው አስቀድመው መጠየቃቸውን ነው።

ኢንፍሉዌንዛ የልጆች በሽታ ነው ሲባል ልጆችን ብቻ ይይዛል ማለት አይደለም። ልጆች በቀላሉ ይያዛሉ፤ ቫይረሱን ከአዋቂ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይተፋሉ፤ በክፍል ተቃቅፈው ይውሉና ማታ ወደ ቤት ያስገቡታል። በ2009 በእንግሊዝ አገር የአዲሱ ኢንፍሉዌንዛ ማዕበል የበጋው የትምህርት ዕረፍት ሲጀመር መውረዱ፣ በመከር ልጆቹ ሲመለሱ እንደገና መነሣቱ ይህንኑ ያሳያል። በዚህ የተነሣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የምንለው፣ በፌብሩዋሪ 2007 ያወጣው መመሪያ ከባድ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢመጣ ትምህርት ቤቶችን እስከ 12 ሳምንት መዝጋትን አስቦ ነበር። 12 ሳምንት የምትለውን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ።

ያ ኢንፍሉዌንዛ በ2009 ጸደይ ወደ እኛም ካውንቲ ደርሷል። ሲዲሲ በሜይ 1 ቀን በሽተኛ የተገኘበት ትምህርት ቤት እስከ 14 ቀን ይዘጋ አለ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቀው የሮክቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተዘጉት አንዱ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ በሜይ 5፣ በሽታው እንደተፈራው ከባድ አለመሆኑ ስለታየ ምክሩ ተነሣ፤ በሮቹም ተከፈቱ። ብዙ ሰው በጊዜው «አይረቡም፣ ይዘጋሉ ይከፍታሉ» ብሎ ሲያሾፍ ትዝ ይለኛል። ለእኔ ግን ያ ከታየው ሁሉ የተሻለው አሠራር ነበር። ባልታወቀ ነገር ፊት ዘግተው፣ ባወቁ ጊዜ ከፈቱ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባላችን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቅጠሉን ማን ያነሣል የሚለውን አይነግረንም።

እንግዲህ ወደ 2020 ልመለስ። በማርች የተላለፈው የመዝጋት ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ ያን ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። መመርመሪያ አልነበረም፤ ጭምብል አልነበረም፤ በሽታው ልጆችን ምን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። በአፕሪል የማክማቸው ሴቶች በየአረጋውያን መንከባከቢያው በረዳት ነርስነት የሚሠሩ ነበሩ፤ አንድ የፊት ጭምብል ለሳምንት በወረቀት ከረጢት እያስቀመጡ የሚመላለሱበት ጊዜ ነበር። የ2012 ዓ.ም. ፋሲካን በየቤታችን በስልክ መስኮት እያየን አሳለፍን። ሬሳ ለመሸኘት 10 ሰው ብቻ የተፈቀደበትን ቀብር ያየ ዕድርተኛ፣ ያ ጊዜ ምን እንደነበረ ሊነገረው አያስፈልግም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ዴንማርክ ከአፕሪል 15 ቀን ጀምራ ትንንሾቹን ልጆች አስቀድማ ወደ ክፍል መለሰች። ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ላሉት ከነጭራሹም አልዘጋችም። በጁን መጨረሻ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የመጪው ዓመት ዕቅድ ሁሉ ተማሪዎችን በአካል ክፍል ማስገባትን መነሻው እንዲያደርግ አጥብቆ መከረ። በሽታው እንደ ኢንፍሉዌንዛ አልነበረም፤ ትንሽ ልጅን በብዛት ይተውና አያቱን ይገድል ነበር። ሆኖም የ2007ቱ መመሪያ የተጻፈው ለኢንፍሉዌንዛ ነው፤ እኛ መመሪያውን ወርሰን ለሌላ በሽታ ሥራ ላይ አዋልነው፤ የ12 ሳምንቱን ገደብ ግን አልወረስንም። የመዝጊያው ሥልጣን በአንድ አገረ ገዥ እጅ ነበር፤ የመክፈቻው ግን በካውንቲው፣ በትምህርት ቦርዱ፣ በጤና መኮንኑ፣ በመምህራን ማኅበሩ፣ በየወላጁ መካከል ተበተነ። ሁሉም «እኔ ብቻዬን አልወስንም» ሲል ዓመት ሞላ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ሲሮጡ ታጥቀውት ጨርሶ አልፈታ አለ።

በበጋው የሆነ አንድ ነገር ሁሉንም ግልጽ ያደርገዋል። በጁላይ 31 ቀን የሞንትጎመሪ ካውንቲ የጤና መኮንን፣ ዶክተር ትራቪስ ጌይልስ፣ የግል ትምህርት ቤቶችም እስከ ኦክቶበር 1 ቀን ተማሪ በአካል እንዳያስተምሩ አዘዙ። የመንግሥቶቹ አስቀድመው በኮምፒዩተር ብቻ ለማስተማር ወስነው ነበርና ትእዛዙ ሁሉንም እኩል ሊያደርግ ነበር። በሦስተኛው ቀን አገረ ገዥ ላሪ ሆገን ካውንቲዎች የግል ትምህርት ቤቶችን በጅምላ መዝጋት አይችሉም ብለው ደነገጉ። መኮንኑ በሌላ ሕግ ተደግፈው እንደገና አዘዙ፤ የግዛቱ ጤና ቢሮም ተቃወመ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ካውንቲው ትእዛዙን ሰረዘ። በመከር እንግዲህ፣ በአንድ ካውንቲ ውስጥ፣ በአንድ ቫይረስ ሥር፣ ከፍለው የሚማሩ ብዙ ልጆች ሜዳቸው ላይ ድንኳን ተክለውም ሆነ መስኮት ከፍተው ተማሩ፤ ሌሎቹ እቤት ቀሩ። ሕጉን የተረጎመው ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለጠበቆች እተወዋለሁ። እኔ የማየው ግን በመጨረሻ ልጅ ክፍል ገብቶ አልገባ የሚለውን የወሰነው ሳይንስም ሕግም ሳይሆን የወላጅ ቦርሳ መሆኑን ነው።

አሁን የኛ ሰው ወደሚኖርበት ቤት እንግባ። በአሌክሳንድሪያ በሴሚናሪ ሮድ አጠገብ ሳውዘርን ታወርስ የሚባሉ አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ። አሳንሰሩ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛ የሚሰማበት ሰዓት ብዙ ነው። ነዋሪው በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲና በኡበር፣ በአረጋውያን እንክብካቤ የሚያድር ነው። በዚያ ጸደይ ሆቴሉና አውሮፕላን ማረፊያው ወና ሲሆን ግማሹ ሥራ አጣ፤ ግማሹ ደግሞ «አስፈላጊ ሠራተኛ» የሚል አዲስ ማዕረግ ተሰጥቶት ከቀድሞው ይበልጥ ሠራ። ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አባት የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ይተኛል፤ አያት ሳሎን ውስጥ ጸሎት ታደርሳለች፤ ሦስት ልጆች በሦስት ማዕዘን ሦስት የተለያዩ መምህራንን ያዳምጣሉ። እናትየው ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምራ ሥራ ላይ ናት። ትምህርት ቤቱ ለየልጁ ክሮምቡክ ሰጥቷል፤ ምሳም በየጣቢያው እያዘጋጀ አድሏል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆነ አሌክሳንድሪያ ለወላጅ የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛ ጭምር ይልካሉ፤ ስንት ስደተኛ ሕዝብ ይህን አላገኘም። ሆኖም በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ የስድስት ዓመት ልጅን ከኮምፒዩተር ፊት አያስቀምጥም። ያን የምታደርገው የ12 ዓመት እኅቱ ነበረች።

ስለዚህች እኅት ጥቂት ልበል፤ የማውቃት አንድ ልጅ አይደለችም፣ ብዙ ናቸውና። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የራሷን ክፍል በአንድ ጆሮ እየሰማች የታናሽ ወንድሟን የይለፍ ቃል ታስገባለች፤ ለአያቷ መድኃኒት ትሰጣለች፤ መምህሩ ሲጠራት ካሜራዋን አትከፍትም፤ ከኋላዋ ያለውን ቤት እንዲያዩባት አትፈልግምና። በመዝገቡ ላይ ተገኝታለች ይላል። በ2021 ወደ ምርመራ ክፍሌ ሲመጡ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚገባው በላይ ኪሎ ጨምረው፣ እንቅልፋቸው ተገልብጦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚተኙ ሆነው አገኘኋቸው። አንዳንዶቹ ስጠይቃቸው እናታቸውን ነው የሚያዩት፤ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ረስተው ነበር። በ2022 በመላ አሜሪካ የተሰጠው ብሔራዊ የትምህርት ምዘና ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በሒሳብ አራተኛ ክፍል 5 ነጥብ፣ ስምንተኛ ክፍል 8 ነጥብ ወርዶ ተገኘ። ፈጥነው የከፈቱ ግዛቶችም ወርደዋልና ሁሉንም በመዘጋቱ ማሳበብ አይቻልም። ቁጥሩ ግን ልጆቹ ቀድሞ ያዩትን ነገር ለሚኒስትሮቹ አሳያቸው እንጂ ለኛ አዲስ አልነበረም።

እዚህ ላይ ክርክሬ የሚከብድበት ቦታ እደርሳለሁ። በ2021 ጸደይ በሩ ሲከፈት፣ ልጆቻችሁን ላኩ ሲባል፣ ብዙዎቹ የኛ ወላጆች አንልክም አሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። የማክማት አንዲት እናት፣ የሌሊት ረዳት ነርስ ናት፣ ስመክራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ዶክተር፣ እርስዎ የሚሉት ይገባኛል። ልጄ አንድ ዓመት ቢቀርበት በሚቀጥለው ይማረዋል። እናቴን ግን ከየት አመጣታለሁ? በሥራዬ ቦታ ስንቱን ሽማግሌ በላስቲክ ጠቅልዬ እንዳወጣሁ እርስዎ አላዩም» አለችኝ። ለዚህ ምን መልስ አለ? እናቷ 70 ዓመት ያለፋቸው፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ናቸው፤ የሚተኙትም ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንድ ክፍል ነው። ለዚያ ቤት ስሌቷ ትክክል ነበር። ድኻ ወላጅ ልጁ እንዲዘጋበት ፈለገ የሚሉ ሁሉ ይህን ቤት ማየት አለባቸው፤ የልጆቹ መብት ተረገጠ እያሉ በየጋዜጣው የሚጽፉ የሞላላቸው ሰዎችም እንዲሁ።

ነገር ግን ይህች እናት በልጇና በእናቷ መካከል እንድትመርጥ ያደረጋት ቫይረሱ ብቻ አልነበረም። በሜሪላንድ በጃንዋሪ 2021 መምህራንና ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች፣ በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ከ65 ዓመት በላይ ያሉት ክትባት ተፈቀደላቸው። የተፈቀደው ግን ኮምፒዩተር ላይ በእኩለ ሌሊት ቁጭ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ለሚያድን ሰው ነው። እማማ የልጅ ልጃቸው አድኖ እስኪያገኝላቸው ድረስ ማርች ገባ። የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ነርስ ስልክ አንሥታ «በቤታችሁ ሽማግሌ አለ? ከልጁ ጋር ይምጡና እዚሁ ይከተቡ» ብትል ኖሮ፣ ትምህርት ቤቱ የፍርሃት ምንጭ መሆኑ ቀርቶ የአያት መዳኛ በሆነ ነበር። ሕንፃው ባዶ ነበር፤ ማቀዝቀዣውም፣ ሜዳውም፣ የወላጁ ስልክ ቁጥርም እዚያው ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተዘጋው በር ሌላ ነገርም ዘግቷል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ2012 ዓ.ም. የምገባ መርሐ ግብር በስፋት ጀምረው ነበር፤ ለብዙ ልጅ ቁርሱ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተባለ፤ መብራት የሌለበት ቀበሌ ግን ምን ይሰማል? በአማራ ክልል ገጠር ደግሞ ልጅነቷን ሳትጨርስ ልትዳር የታሰበች ሴት ልጅ መከታዋ ብዙ ጊዜ መምህሯ ነው። ከክፍል ስትጎድል የሚጠይቅ፣ ሠርጉን ሰምቶ ለቀበሌ የሚናገር እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የምትጎድልበት ክፍል ራሱ የለም። ሴራሊዮን በኢቦላ ጊዜ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ በአፕሪል 2015 ስትከፍት፣ በመሐሉ ያረገዙ ልጃገረዶች እንዳይመለሱ ከለከለች፤ ክልከላው የተነሣው በማርች 2020 ነው፤ ያውም የምዕራብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ከፈረደባት በኋላ። በሽታው ካለፈ አምስት ዓመት ገደማ የቆየ መዘጋት ማለት ነው።

በትግራይማ በወረርሽኙ የተዘጋው በር በኖቬምበር 2020 ጦርነት ተደርቦበት ልጆቹ ወደ ክፍል የተመለሱት በ2023 ነው። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። የኔ ትውልድ ታላላቆች በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲሄዱ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ የተቋረጠውን ትምህርት ሳይቀጥል ነው ያረጀው። የተዘጋ ትምህርት ቤት ደብተር እንደ መዝጋት የሚቀልል የሚመስለው ካለ፣ ታሪካችንን ያገላብጥ።

በሶቪየት ኅብረት ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን አሠራር እዚህ ባነሣው ቅር የሚለው አይጠፋም፤ ከዚያ ሥርዓት የተመሰገነ ነገር መስማት የማይወድ ብዙ ወገን አለና። «ካራንቲን» ይሉታል። በአንድ ክፍል ልጆች በጉድፍ ወይም በኩፍኝ ሲያዙ ወይም በኢንፍሉዌንዛ ብዙዎቹ ሲቀሩ፣ የሰፈሩ የንጽሕናና ወረርሽኝ ጣቢያ ሐኪም መጥቶ ያን ክፍል ለይቶ ይዘጋል። ከጎኑ ያለው ክፍል ይማራል። ቀኑ ሲሞላ ይከፈታል፤ ቀኑም በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ስለ ሶቪየት መንግሥት ሌላ የምለው ብዙ ክፉ ነገር አለኝ፤ ያች ወረቀት ግን ጥሩ ወረቀት ነበረች። የዘጋው ሰው ስምና የሚከፈትበት ቀን በአንድ ላይ ሰፍረውባታል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለፈውን ለመክሰስ ሳይሆን ጥያቄው ስለተመለሰ ነው። በጃንዋሪ 2025 በምዕራብ ቴክሳስ የተነሣው ኩፍኝ ከ700 በላይ ሰዎችን ይዞ ያልተከተቡ ሁለት ልጆችን ገድሏል። ኩፍኝ ከኮቪድም ከኢንፍሉዌንዛም ይበልጥ ይተላለፋል፤ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ሆኖም ለኩፍኝ ትምህርት ቤት መዝጋት አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ የተከተበ ልጅ ከመቶ 97 እጅ የተጠበቀ ነው፤ የተከተበው ክፍል ገብቶ ይማራል፤ ያልተከተበው ግን ለበሽተኛ ከተጋለጠ 21 ቀን እቤት ይቀመጣል። በሩ የሚዘጋው በአገረ ገዥ ትእዛዝ ሳይሆን በየልጁ የክትባት ካርድ ነው ማለት ነው።

እናም በዚህ ጉዳይ የኛ ልጆች ሳያጠፉ የሚጎዱበት አንድ ቀዳዳ አለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው፤ በዚያ አገር በሽታው ሕፃናትን ቀድሞ ስለሚያገኝ ተገቢ ነው። እዚህ ግን ከመጀመሪያ ዓመት ልደት በፊት የተሰጠ አይቆጠርም። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣ ልጅ ካርዱ ላይ ተከትቧል ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕግ ግማሽ የተከተበ ወይም ያልተከተበ ሊባል ይችላል። በክሊኒኬ ካርድ የጠፋባቸውም አሉ፤ በ2020 እና በ2021 ከሐኪም ቤት ርቀው ሁለተኛውን ያልወሰዱም አሉ፤ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚል ወሬ ሰምተው የተዉም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት አይደሉም። ወሬው ከተመረመረ ቆይቷል፤ ሐሰት ነው። ካርዱ ለጠፋበት ልጅ ደም ተመርምሮ መከላከያው እንዳለው ማወቅ ይቻላል፤ ያለበለዚያም እንደገና መከተብ ጉዳት የለውም። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ጤና ክሊኒኮች ኢንሹራንስ የሌላቸውን ልጆች ይከትባሉ፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። ወላጆች ካርዱን ከሻንጣው አውጥተው፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነም ቀኑን ወደ ፈረንጅ አስለውጠው፣ ሰኞ ጧት ይዘውት ይሂዱ።